የሐሙስ ውሃ

ኅዳር 3፣ ሐሙስ

የውሃ ቀኔ። ሽንኩርቱ ጠጣ፣ ጎመኑም ጠጣ። እኔ ግን ወገቤ ተቆረጠ... ይኼ አካፋ እንደኔው አርጅቷል፣ እጀታው መወዛወዝ ጀምሯል።

ከላይ ጎረቤቴ ውሃውን ከፍቶ «ለቀቅኩ!» አለ። «ደረሰኝ!» አልኩ። በቃ። የሳምንቱ ወሬ ይኸው ነው።

ማታ ድንች ቀቀልኩ። ጨው አበዛሁበት። ሐሙስ ሐሙስ ለምን ጨው እንደማበዛ እንጃ።

ኅዳር 5፣ ቅዳሜ

የወንድሜ ልጅ መጣች። መምህርት ከሆነች ወዲህ ጫማዋን ጭቃ አታስነካም። ትምህርት ቤቱ «የአካባቢያችን መልክዓ ምድርና ታሪክ» የሚል ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ብሎ ሥራው እሷ ላይ ወደቀ።

«አክስቴ፣ አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልጻፍ።»

«ምኑን?»

«ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ነን?»

«እኔ ከጉልበቴ በላይ ያለውን አላውቅም።»

ሳቀች። ከዚያ የማውቀውን ነገርኳት። ከኋላችን ተራራው። ከተራራው ወገብ ላይ፣ ከድንጋይ ሥር፣ ምንጩ ይወጣል። ምንጩ የሚጠለፍበት ቦታ የድንጋይ ግድብ አለ። ከግድቡ አንድ ቦይ ይነሣና ዳገቱን ታክኮ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚያገኘው ላይ ሰፈርን ነው። ቀጥሎ ሣር የማይበቅልበት ሰፊ ጠፍጣፋ አለት። ከአለቱ በታች ታች ሰፈር፣ ማለት እኛ። ከእኛ በታች መኪና መንገዱና አውቶቡስ ማቆሚያው። ፊት ለፊታችን ደግሞ ገደሉ፤ ከእኛ ወገን የተጮኸውን ሁሉ ተቀብሎ መልሶ ታች ሰፈር ላይ ይዘረግፈዋል። «እዚህ ምስጢር አይጮኽም በይ» አልኳት። ጻፈችው።

«የላይ ሰፈር የመጨረሻው ማሳ የማን ነው?»

«የጎረቤቴ።»

«የታች ሰፈር የመጀመሪያውስ?»

«የእኔ።»

«ታዲያ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ለምንድነው የማይጋቡት?»

«ሻይሽ ቀዘቀዘ» አልኳት።

ኅዳር 6፣ እሑድ

ለልጅቷ ያልመለስኩላትን ለራሴ ልመልስ።

ቦዩን የቆፈሩት የሁለቱም ሰፈር አያቶች ናቸው። አንድ አካፋ እየተቀባበሉ ይባላል። (አንድ ብቻ የሚለው ማጋነን ይመስለኛል።) ከዚያ ድርቅ መጣ። ምንጩ መንጠባጠብ ሲጀምር ላይ ሰፈር የቦዩን መዝጊያ ዘጋ። ታች ሰፈር አካፋውን ይዞ ወጣ፤ ለመቆፈር አልነበረም። የእኔ አያት እግሩ ተሰበረ። ከእነሱ ደግሞ አንድ ሰው ዓይኑ ጠፋ። ዝናቡ የዚያኑ ሳምንት ዘነበ... ምን ይባላል? ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ።

ከዚያ ወዲህ የውሃ ዳኛ ተመረጠ፣ ሥርዓት ወጣ። የላይኛው ማሳውን አጠጥቶ ሲጨርስ መዝጊያውን ከፍቶ «ለቀቅኩ!» ይላል። የታችኛው ውሃው ሲገባለት «ደረሰኝ!» ይላል። መልስ ካልተሰማ ዳኛው ይመጣል። መጣራት የማይችል ወይ መስማት የማይችል ሰው መዝጊያ አይዝም። እንዳይሰራረቁ ነው ነገሩ።

ስለ ጋብቻ ግን በሥርዓቱ ውስጥ ምንም የለም። ዝም ብሎ ቀረ።

የላይኛው ጎረቤቴና እኔ አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ከኋላዬ ነበር የሚቀመጠው። ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ላግባት ብሎ ለአባቱ ነገረ። አባቱ «ከታች ሰፈር?» ብሎ ሌላ ቃል አልጨመረም አሉ። የእኔ አባት ደግሞ የአያቴን ከዘራ ከግድግዳ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ገባኝ። እሱ ከላይ አገባ፣ እኔ ከታች አገባሁ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነበር፤ አልዋሽም፣ ሲሞት ከልቤ አልቅሼለታለሁ። የእሱም ሚስት ካረፈች ቆየች።

እና ምን ቀረን? ሐሙስ። እሱ አንድ ቃል፣ እኔ አንድ ቃል። ሰዎቹ ለጥርጣሬ ያወጡትን ጥሪ እኔ ስንት ዓመት ተንከባከብኩት... ሞኝ!

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ

ጎመኑን ስኮተኩት ዋልኩ። ትናንት ይሁን ዛሬ እንጃ፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ሕፃናት ሳለን መምህሩ «የሰፈራችሁን ካርታ ሣሉ» አሉን። ሁላችንም ተራራውን ሣልን፣ ቦዩን ሣልን። እሱ አለቱን ሳይሥል ቀረ። ማሳቸውና ማሳችን ተያይዘው ቁጭ አሉ። «አለቱ የት ሄደ?» አሉት መምህሩ። «እረሳሁት» አለ። ማርክ ቀነሱበት።

አልረሳውም ነበር። ያኔም አውቅ ነበር።

ኅዳር 10፣ ሐሙስ

አዲሱን ሻሽ አስሬ ወጣሁ። ለሽንኩርቱ ነው እንግዲህ! ሽንኩርት መቼም ሻሽ ያውቃል።

ዛሬ «ለቀቅኩ» ሲል ድምፁ ረዘም አለብኝ። ወይስ ነፋሱ ነው? እኔም «ደረሰኝ»ን አሳመርኩት፣ መጨረሻው ላይ ሳብ አደረግኩት። ከአለቱ ማዶ ቆሞ ያየኛል። ከመለስኩለት በኋላ ሁልጊዜ ትንሽ ይቆማል። ለምን ይቆማል? ደክሞት ይሆናል። ሌላ ምን ይሆናል... በዚህ ዕድሜ!

ድንቹ ዛሬም ጨው በዛበት።

ኅዳር 13፣ እሑድ

ሬዲዮ መጣች። (የታች ሰፈር ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ ነው የሚላት፤ ባትሪዋ አያልቅም።) ጎመን እየከተፍኩ ነበር።

«ሰማሽ? የላይኛው ጎረቤትሽ ሊሄድ ነው።»

«ወዴት?»

«ከተማ፣ ልጁ ጋ። መጥቶ ሊወስደው ነው አሉ። ማሳውን ለወንድሙ ልጅ ይተዋል።»

«ለዘለቄታው?»

«በዚህ ዕድሜ ሄዶ የተመለሰ አይተሻል እንዴ? ኧረ ጣትሽን! ኧረ ደም!»

አላወቅኩም። ጎመኑም ጣቴም አንድ ሆኖብኝ ነበር። አሰረችልኝና ወሬውን ለሌላው ልታደርስ ሄደች።

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ምነው እንዲህ አመመኝ? የእኔ ሆኖ የማያውቅ ሰው ነው። ቢሄድ የሚጎድለኝ በሳምንት አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል እንዲህ ያማል?

ኅዳር 14፣ ሰኞ

ይሂድ። ምን አገባኝ።

ኅዳር 15፣ ማክሰኞ

ያገባኛል።

ኅዳር 17፣ ሐሙስ

ጠዋት ጠዋቱን እለማመድ ነበር። «መቼ ነው የምትሄደው?» ብዬ ልጠይቀው። ቀላል ነገር እኮ ነው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠይቀው። ማሰሮውን እያጠብኩ አልኩት፣ በሩን እየዘጋሁ አልኩት፣ በደንብ ወጣልኝ።

«ለቀቅኩ!» አለ።

«ደረሰኝ!» ብዬ ዝም።

ምን ደረሰኝ? ምንም አልደረሰኝም።

ኅዳር 20፣ እሑድ

የወንድሜ ልጅ የጻፈችውን ይዛ መጥታ ቆማ አነበበችልኝ፣ ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል። ምንጩን አሳምራዋለች። ገደሉንም። መጨረሻ ላይ «የሁለቱ ሰፈር ነዋሪዎች ከጥንት ጀምሮ በፍቅርና በመተሳሰብ ይኖራሉ» ብላ ዘጋችው።

«ይኼን ከየት አመጣሽው?»

«እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ አክስቴ።»

«ውሸት ነው የሚጻፈው?»

«ታዲያ ‹ሻይሽ ቀዘቀዘ› ብዬ ልጻፍ?»

ምላሷ ስለት ነው። በማን እንደወጣች አውቃለሁ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ድርቁን፣ መዝጊያውን፣ የአያቴን እግር። የራሴን ግን ዘለልኩት። ስጨርስ ወረቀቷን አጠፈችና፦

«እሺ፣ አትጋቡ ያለው ማነው?»

«ማንም።»

«አንድ ሰው ብሏላ!»

«ማንም አላለም። ሁሉም ሌላው ያለ መስሎት ነው የኖረው።»

ይኼን ካልኩ በኋላ እኔው ደነገጥኩ። ከአፌ እስኪወጣ ድረስ አስቤው አላውቅም። ማንም ያላለውን ነው እንዴ የጠበቅኩት? ስንቱን ዓመት?

ልጅቷ ከሄደች በኋላም ብርጭቆዎቹን ሳላነሣ ቆየሁ።

ኅዳር 24፣ ሐሙስ

ምን አድርጌ ነው! ምን ነክቶኝ ነው!

ውሃው ገና ሳይመጣ ወጥቼ ቆምኩ። «ለቀቅኩ!» አለ። «ደረሰኝ!» አልኩ። እዚህ ላይ ማቆም ነበር። አላቆምኩም። አካፋውን ጥዬ፣ ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ...

«አትሂድ!»

ገደሉ ተቀበለኝ። ተቀብሎም ግማሹን ዋጠና «...ሂድ! ...ሂድ!» ብሎ መለሰው። ድንጋይ እንኳ አልተባበረኝም።

እሱ ከአለቱ ማዶ ቆሞ አየኝ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ እንደ ወትሮው እጁን ከፍ አደረገና አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ሄደ።

መልሱ ይኸው ነው። ውሃው ማሳውን ሞልቶ መንገድ ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት።

ኅዳር 25፣ ዓርብ

በሬን ዘግቼ ዋልኩ። ሬዲዮ ግን በመስኮትም ትገባለች።

«ትናንት ማንን ነው አትሂድ ያልሽው?»

«ውሻዬን።»

«ውሻ የለሽም እኮ!»

«ሄዶ ነዋ።»

ኅዳር 26፣ ቅዳሜ

ሳሙና ያልቃል፣ ሰው ደግሞ ሱቅ ሳይሄድ አይኖርም። ባለሱቁ ሳሙናውን እየጠቀለለ «እትዬ፣ ወደ ቤት ልገባ ነበር፤ ልሂድ ወይስ ልቆይ?» አለኝ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። የትምህርት ቤት ልጆች ከገደሉ ፊት ለፊት ተሰልፈው «አትሂድ!» ይላሉ፣ ገደሉ «ሂድ!» ይላቸዋል፣ እነሱ ይንከባለላሉ። አዲስ ጨዋታ ሰጠኋቸው።

መሳቃቸውን አልጠላሁትም። እኔም በሌላ ሰው ላይ ቢሆን ሆዴን ይዤ ነበር የምስቀው። ያንገበገበኝ ዝምታው ነው። ሰው እንዲህ ተጮኾበት ዝም ይላል? «አልችልም» ማለትም እኮ አንድ ቃል ነው።

ታኅሣሥ 1፣ ሐሙስ

ተናድጄ ወጣሁ። ሻሽ የለ ምን የለ፣ በአሮጌ ነጠላ ጫማ። ፊቴን ላላሳየው ቆርጬ ከማሳው ግንብ ሥር ጀርባዬን ሰጥቼ ቁጭ አልኩ።

«ለቀቅኩ!»

«ደረሰኝ!» አልኩ በደረቁ፣ ግን ጮክ ብዬ። ሥርዓት ሥርዓት ነው።

«ለቀቅኩ!»

«ደረሰኝ!»

«ለቀቅኩ! ለቀቅኩ!» ድምፁ ውስጥ ድንጋጤ ገባበት።

«ደረሰኝ አልኩህ እኮ! ደረሰኝ!» ገደሉ ሁሉ ደረሰኝ ደረሰኝ አለ። ታች ሰፈር ውሾች ጮኹ።

«ለቀቅኩ!»

ያኔ ነው... ውሃው እግሬ ሥር እየገባ ቀስ ብዬ ዞርኩና በግንቡ ጫፍ አየሁት። አለቱ ጠርዝ ድረስ መጥቷል። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ማሳዬን በዓይኑ ይፈልጋል። እኔን ይፈልጋል። አይሰማም። ይኼ ሰው ጆሮው አይሰማም!

ልነሣ ስል የውሃ ዳኛው እያለከለከ ደረሰ። ግድቡ ጋ ሆኖ የእሱን ጥሪ ሰምቶ ነው የወረደው። የእኔ ድምፅ እንደሆነ ወደ ታች ነው የሚፈሰው፤ ግድቡ ጋ አይደርስም።

«ውሃው ማሳሽ ውስጥ ነው! ለምን አልመለስሽም?»

መልሻለሁ ብል «ታዲያ እሱ ለምን አልሰማም?» ይባላል። መስማት የማይችል መዝጊያ አይዝም። ዕድሜ ልኩን የያዘውን መዝጊያ በእኔ አፍ ይነጠቅ?

«እንቅልፍ ወስዶኝ» አልኩ።

«በዚህ ፀሐይ?»

«አርጅቻለሁ።»

«ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ» አለኝ። አውቃለሁ። ጥሪ ያልመለሰ አንድ ተራ ያጣል፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ውሃ የለኝም። ሽንኩርቱ ደግሞ አሁን ነው ራስ የሚቋጥረው።

ታኅሣሥ 2፣ ዓርብ

እንግዲህ አልሰማም ነበር። «አትሂድ»ን ገደሉ ሰማ፣ ሬዲዮ ሰማች፣ ባለሱቁ ሰማ፣ ሕፃን ሁሉ ሰማ። ከእሱ በቀር አገር ሰማ! አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳቅኩ፣ ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ።

ከመቼ ጀምሮ ነው? ስንቱን «ደረሰኝ» አሳምሬ፣ ሳብ አድርጌ፣ ጉሮሮዬን በሙቅ ውሃ አለስልሼ... ለማን?

ግን እምቢ አላለኝም። ዞሮ ዞሮ እምቢ አላለኝም!

ታኅሣሥ 4፣ እሑድ

ሄጄ ልንገረው? አለቱን ተሻግሬ? ላይ ሰፈር ሁሉ እያየ? በቦዩ በኩል ልሂድ ወይስ በመንገዱ? ሁለቱም ያስታውቃል።

ነገ።

ታኅሣሥ 5፣ ሰኞ

ነገ።

ታኅሣሥ 8፣ ሐሙስ

ውሃ የሌለኝ ሐሙስ። የሽንኩርቱ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፣ ማየት አቃተኝ። አካፋውን ትቼ ሻሼን አሰርኩና ቦዩን ይዤ ወጣሁ።

አለቱን ከተሻገርኩ ስንት ዘመኔ። በእግሬ ሥር እንዲህ ትንሽ ነበር እንዴ? ሴቶቹ በር በራቸው ላይ ቆመው አዩኝ። አንዷ «ውሃ ጠፍቶ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ደግሞም እውነት ነው።

ግቢው ተጠርጓል። በረንዳው ላይ ሻንጣ ተከፍቶ ይታያል፤ ሁለት ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሚስቱ ፎቶ። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የአካፋ እጀታ ይሞርዳል። እግሬን አልሰማም። ጥላዬ እጁ ላይ ሲያርፍ ነው ቀና ያለው።

«አንቺ?»

«እኔ።»

ተያየን። ከማዶ ሆኜ ያላየሁት ስንት ነገር አለው። ቅንድቡ ሸብቷል።

«ጆሮህ መቼ ነው የደከመው?» አልኩት ጠጋ ብዬ።

ወደ አጥሩ አየ። «ማን ነገረሽ?»

«አንተው። ያለፈው ሐሙስ።»

ሞረዱን አስቀመጠ። መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉብኝ አለ። ቀጥሎ የቦዩ ድምፅ። ከዚያ ሰው ሁሉ እየራቀ እየራቀ... ለማንም አልነገረም፣ ከልጁ በቀር። ዳኛው ከሰማ መዝጊያውን ይወስድበታል።

«ታዲያ የእኔን መልስ እንዴት ታውቅ ነበር?»

«አንቺንማ በዓይኔ ነው የምሰማሽ። ደረሰኝ ስትዪ አካፋሽን ከፍ ታደርጊያለሽ።»

«እኔ?»

«ሁልጊዜ! አታውቂም እንዴ?»

አላውቅም። ማሳዬ ላይ የማደርገውን እኔ ሳላውቀው እሱ ያውቀዋል።

«ለዳኛው ተኝቼ ነበር አልሽው አሉ» አለኝ።

«አልኩት።»

«ሽንኩርትሽ...»

«ሽንኩርት ሌላም ጊዜ ይበቅላል።»

አንገቱን ደፋ። ልጁ ሐኪም ጋ ሊወስደው ነው። ከተሻለው ይመለስ ይሆናል። ካልተሻለው ግን «መዝጊያ ካልያዝኩ እዚህ ምን እሠራለሁ? ማንስ ይጠብቀኛል?» አለ።

ይኼን ጊዜ ነበር። ይኼንኑ ጊዜ። አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን ቀደመኝ።

«የዚያን ሰሞን አካፋሽን ጥለሽ አፍሽን በሁለት እጅሽ ስትይዢ ምን ሆነሽ ነው? ያዛጋሽ መስሎኝ ነበር።»

ያዛጋሽ!

አጭር አጭሩን ከከንፈሬ እየለቀመ ነበር፤ እውነቱን ለመንገር ግን መጮህ አለብኝ። እህቱ በአጥሩ ቀዳዳ ታየናለች፤ ድሮም ለእኔ ፊት የላትም። ከእሷ ኋላ ደግሞ ሌሎቹ።

«አዎ» አልኩት። «አዛግቶኝ ነበር።»

ታኅሣሥ 9፣ ዓርብ

አዛግቶኝ ነበር! አዛግቶኝ ነበር አልኩት! ለገደል መጮህ የማያሳፍራት ሴት ለሰው መንገር አፈረች።

ታኅሣሥ 12፣ ሰኞ

ከመንገዱ ዳር ቧንቧ በባልዲ እየቀዳሁ ሽንኩርቱን አጠጣሁ። ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። የወንድሜ ልጅ መጥታ ጫማዋን አውልቃ አገዘችኝ፤ ጭቃ ነካት በመጨረሻ።

«ለእሱ ብለሽ ነው አይደል ተኛሁ ያልሽው?»

ባልዲውን አስቀመጥኩ። ይቺ ልጅ...

«ማን ነገረሽ?»

«ታች ሰፈር ሁሉ ስትመልሺ ሰምቷል እኮ! ዳኛው ብቻ ነው ያልሰማው። ሬዲዮ እንኳ ዝም ብላለች፣ ስላንቺ ብላ።»

ሬዲዮ ዝም አለች? እኔ አላምንም ነበር።

«በይ ንገሪው፣ አክስቴ።»

«ሄጄ ነበር።»

«ምን አልሽው?»

ነገርኳት። ባልዲውን ለቀቀችው፤ በሳቅ እየፈረሰች ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ታኅሣሥ 15፣ ሐሙስ

ውሃ መጣ። አካፋዬን እያወቅኩ ከፍ አደረግኩ፣ ክንዴ እስኪዝል ድረስ ይዤው ቆየሁ። እሱም የራሱን ከፍ አደረገ። ሁለታችንም አላወረድንም። ሰው ቢያየን አብደዋል ይል ነበር።

እሑድ ነው የሚሄደው።

ታኅሣሥ 16፣ ዓርብ

ጽሑፉ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ወላጅ ሁሉ ሊያይ መጣ። «በፍቅርና በመተሳሰብ» የሚለውን አውጥታ በቦታው «ሁለቱ ሰፈሮች አይጋቡም፤ የከለከለ ሰው ግን ተፈልጎ አልተገኘም» ብላ ጻፈች። ደፋር!

ከላይ ሰፈር አንድ ሽማግሌ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞረው «እኛ እኮ የከለከላችሁ እናንተ መስላችሁን ነበር» አሉ።

«እኛ ደግሞ እናንተ» አለ የእኛ ባለሱቅ።

ሁሉም ግድግዳውን እያየ ቆመ። ወደ ቤት ስመለስ እግሬ ከበደኝ። ተናደድኩ፣ በማን እንደምናደድ አጣሁና ደግሞ በዚያ ተናደድኩ።

ታኅሣሥ 18፣ እሑድ

መሽቷል፣ ዛሬን ሳልጽፍ ግን አልተኛም።

ላይ ሰፈር ሊሸኘው ሙሉውን ወረደ። ማቆሚያው እኛ ሰፈር ስለሆነ ታች ሰፈርም ወጣ፤ ምክንያት መቼም አይጠፋም፣ ግማሹ ዳቦ ሊገዛ፣ ግማሹ ፀሐይ ሊሞቅ። እነሱ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ እኛ ግድግዳው ሥር። የውሃ ዳኛውም አለ። ልጁ ሻንጣውን ጭኖ ጨርሷል።

አሁን ካልሄድኩ ምንጊዜም አልሄድም አልኩና መሀሉን ተሻገርኩ። አጠገቡ ቆምኩ። በሰው ፊት ይኼን ያህል ተጠጋግተን አናውቅም። ቀስ ብዬ፣ ለእሱ ብቻ፣ «ተመልሰህ ና» አልኩት።

ሞተሩ ይጮሃል። ከንፈሬን አየ። ራሱን ነቅንቆ ማለፍ ይችል ነበር። ሰዉን ሁሉ እንደዚያ ነው ሲያልፍ የከረመው፣ ራሱን እየነቀነቀ። ዳኛው ደግሞ አጠገባችን ቆሟል።

እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

«አልሰማሁሽም» አለ። «ጆሮዬ አይሰማም። ድገሚልኝ።»

ጮክ ብሎ ነው ያለው። ዳኛው ዞረ። እህቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሹፌሩ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ሞተሩን አጠፋው። ሁለት ሰፈር ሙሉ ሰው እኔን ያያል።

ለእኔ ብሎ ነው የተናገረው። እንዲያመልጠው ስላልፈለገ። ታዲያ እኔ ምን ቀረኝ የምደብቀው?

«ተመልሰህ ና አልኩህ!» ጮህኩ። «ያን ዕለት አላዛጋኝም! አትሂድ ብዬህ ነው፣ አልሰማኸኝም! ሂድና ታከም! ቢሻልህም ና፣ ባይሻልህም ና! እጠብቅሃለሁ!»

«ትጠብቂኛለሽ?»

«አዎ! እጠብቅሃለሁ!»

«እመጣለሁ!» አለ፣ ራሱን ስለማይሰማ ተራራው እስኪሰማ ድረስ። «ለአንቺ እመጣለሁ!»

ማንም አልሳቀም። ሬዲዮ እንኳ።

ሲሳፈር እጄን ያዘኝ። እጁ ሻካራ ነው፣ ሙቅ ነው። ከዚያ ሄደ።

ዳኛው ተጠጋኝና «ያን ሐሙስ እንቅልፍ አልነበረም አይደል?» አለኝ። «አልነበረም» አልኩት። ኮፍያውን አወለቀ። «ያለ ጥፋትሽ ነው ውሃ የነሳሁሽ» አለ። ስለ መዝጊያው ምን እንደሚወስን አልጠየቅኩትም።

አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እንባዬ መጣ። ፊቴን አላዞርኩም። እህቱ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ «ነይ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። ከላይ ሰፈር ሴቶች መሀል ተቀምጬ አለቀስኩ። እህቱ መሀረቧን ሰጠችኝ፤ አንዷ ጀርባዬን ታሻለች፣ አንዷ «አይዞሽ፣ ቅርብ ነው ከተማው» ትላለች።

አሁን ቤት ነኝ። ገና ከመሄዱ ናፈቀኝ። ድሮም ይናፍቀኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ሰው ቢጠይቀኝ ናፈቀኝ ብዬ እመልሳለሁ።

የእህቱን መሀረብ ይዤ መጥቻለሁ። ነገ አጥቤ ይዤላት እወጣለሁ።